ስሙ ማን ይባል? ከጃፓን አገር የስም ወግ

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ከአገሩ ወጥቶ ሩቅ አገር የደረሰ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋበት ነገር ምን ይመስላችኋል? ሻንጣው ወይም ገንዘቡ እንዳይመስላችሁ። ስሙ ነው። እኔ ባለፈው ጥቅምት ወር ለመምህራን ለተዘጋጀ የስድስት ሳምንት ትምህርት ወደ ጃፓን አገር ሄጄ ሳለ፣ ከአውሮፕላን ከወረድሁበት ሰዓት አንሥቶ እስከ ተመለስሁበት ቀን ድረስ በገዛ ስሜ የጠራኝ ሰው ከሁለት አይበልጥም። ሌላው ሁሉ የጠራኝ በአባቴ ስም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃፓኖች የቤተሰባቸውን ስም አስቀድመው የራሳቸውን ስም ያስከትላሉ። ሰውን በአክብሮት ሲጠሩም የቤተሰቡን ስም ይዘው በላዩ «ሳን» የምትል ቃል ይጨምሩበታል። በፓስፖርቴ ላይ ሁለተኛ ሆኖ የተጻፈውን የአባቴን ስም የቤተሰቤ ስም ነው ብለው ያዙት። እኔም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት «እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ይህ የአባቴ የራሱ ስም ነው፤ እርሱም የሚጠራው በአባቱ ስም ነው» እያልሁ ላስረዳ ሞከርሁ። ሁሉም በትሕትና ሰሙኝ፤ አጎንብሰውም አመሰገኑኝ፤ ከዚያ በኋላ መልሰው በአባቴ ስም ጠሩኝ። በስሙ ውስጥ ያለችውንም «ጥ» መጥራት ስለማይችሉ «ት» አደረጓት፤ በመጨረሻዋም ፊደል ላይ አናባቢ ለጠፉባት። አራተኛው ቀን ላይ ተውሁት።

አባቴ ገበሬ ነበር። ካረፈ አራት ዓመት ሆነው። ከወረዳችን ከተማ ያለፈ መንገድ የሄደ አይመስለኝም። በሕይወቱ ሳለ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስሙ የተጠራው ለግብር ወይም ለማዳበሪያ ዕዳ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን «አቶ» ብሎ የጠራው ሰው ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። እንግዲህ በቶኪዮ የባንክ ቤት ጸሐፊ ከመቀመጫዋ ተነሥታ፣ ሁለት እጇን አጣምራ፣ ስሙን ከነአክብሮቱ ስትጠራው በመጀመሪያው ሳምንት ፈገግ እል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ፈገግታዬ ቀረ። በተጠራ ቁጥር አባቴ ከኋላዬ የቆመ እየመሰለኝ ዞር ማለት ጀመርሁ።

ስለ ስም የመጠየቅ አባዜ ያደረብኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ያረፍሁት ከቶኪዮ በስተሰሜን በሳይታማ ክፍለ አገር፣ ጡረታ በወጡ የእንግሊዝኛ መምህር ቤት ነበር። ዕድሜያቸው 68 ነው። በጃፓን መምህር በስሙ አይጠራም፤ «ሰንሰይ» ይባላል። እኔም እርሳቸውን «ሰንሰይ» ስል እርሳቸውም እኔን ልጅ የምሆናቸውን ሰው «ሰንሰይ» ሲሉ፣ ባለቤታቸው ከማድ ቤት ሆነው ይስቁብን ነበር። ስለዚህ እዚህም ስማቸውን አልጽፍም፤ ሰንሰይ ይበቃል።

በደረስሁ በሳምንቱ የሰንሰይ ሴት ልጅ ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት መጣች። ይህ ልማድ በእኛም ዘንድ እንዳለ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች፤ እነርሱም እንዲሁ ናቸው። በአሥረኛው ቀን ወንድ ልጅ ተወለደ። ቤቱ በደስታ ተሞላ፤ ጭቅጭቁም በማግሥቱ ጀመረ። ምክንያቱም በጃፓን ሕግ አዲስ የተወለደ ልጅ በ14 ቀን ውስጥ ስሙ ወጥቶ በማዘጋጃ ቤት መመዝገብ አለበት። የእኛ ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነው፤ የቤት ስሙም ቢሆን ቢዘገይ የሚቆጣ የለም። እነርሱ ግን ቀኑን በቀን መቁጠሪያ ላይ በቀይ ቀለም አክብበውት ነበር።

«ስም ማውጣት ምን ያስቸግራል?» ትሉ ይሆናል። እኔም ያልሁት ይህንኑ ነበር። ሰንሰይ ወረቀትና እርሳስ አምጥተው አስቀመጡኝ።

የጃፓን ስም ሁለት ነገር ነው፤ ድምፅና ፊደል። ፊደሉ ከጥንት ከቻይና የመጣ ሲሆን እያንዳንዱ ምልክት የራሱ ትርጉም አለው። ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ ሌላ ሌላ ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ «አኪራ» የሚባል የወንድ ስም አለ። ጆሮ የሚሰማው አንድ አኪራ ነው። ብዕር ግን «ብሩህ» በሚለው ፊደል ሊጽፈው ይችላል፤ የታወቀው የሲኒማ ሰው አኪራ ኩሮሳዋ በዚህ ይጻፋል። ወይም ሌላ ፊደል ይመርጥና የፀሐይን መፍካት፣ ወይም ግልጽነትን ይሰጠዋል። እኛ በቅኔ «ሰምና ወርቅ» የምንለው ነገር እነርሱ ዘንድ በእያንዳንዱ ሕፃን ራስጌ ላይ አለ ማለት ነው፤ ድምፁ ሰም፣ ፊደሉ ወርቅ።

የዚህም ተገላቢጦሽ አለ። ፊደሉን ያየ ሰው ድምፁን በእርግጥ ላያውቅ ይችላል። አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስጎበኝ ይህን በዓይኔ አየሁ። የክፍሉ መምህር የስም መጥሪያ መዝገቡን አሳየኝ፤ ከእያንዳንዱ ተማሪ ስም አጠገብ በደቃቅ የድምፅ ፊደል አነባበቡ ተጽፎ ነበር። «ይህ ለእንግዳ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለእኔ ነው» አለኝ። የተወለደበትን ቋንቋ የሚያስተምር መምህር የገዛ ተማሪዎቹን ስም ያለ አጋዥ ማንበብ አይችልም! እኔ በአገሬ 70 ተማሪዎችን በአንድ ትንፋሽ የምጠራ ሰው ያን ዕለት ፊደላችንን አመሰገንሁ።

የሆነ ሆኖ መንግሥት ገደብ አበጅቶለታል። ለስም የሚፈቀዱት ፊደላት በጠቅላላው 2,999 ናቸው፤ 2,136 በትምህርት ቤት የሚታወቁት የዘወትር ፊደላት ሲሆኑ፣ 863 ደግሞ ለስም ተብለው የተፈቀዱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እያልሁ ልቀጥልና፣ በ1993 በቶኪዮ ግዛት በአኪሺማ ከተማ አንድ አባት ልጁን «አኩማ» ልለው ነው ብሎ ቀረበ። አኩማ ማለት ሰይጣን ማለት ነው። ፊደሎቹ ከተፈቀዱት ውስጥ ስለነበሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ አገሩም በሙሉ ተከራከረበት። በመጨረሻ አባትየው ሌላ ስም አወጣ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ፊደሉን ጽፈው እንደ ፈለጉ የሚያነቡ ወላጆች በመብዛታቸው፣ ከግንቦት 2025 ጀምሮ አነባበቡም አብሮ በቤተሰብ መዝገብ ላይ እንዲጻፍ፣ ከተለመደው አነባበብም እጅግ እንዳይርቅ በሕግ ተደነገገ።

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ብዙ አባቶች ልጆቻቸውን በቁጥር ይጠሩ ነበርና። «ታሮ» ወይም «ኢቺሮ» የበኩር ልጅ ነው። «ጂሮ» ሁለተኛው፣ «ሳቡሮ» ሦስተኛው፣ «ሺሮ» አራተኛው፣ «ጎሮ» አምስተኛው። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እጅግ የሚወደደው የጥንት ጦረኛ ሚናሞቶ ዮሺፁኔ «ኩሮ» ይባል ነበር፤ ዘጠነኛ ልጅ ነውና። ግን በዚህ ብቻ ተማምናችሁ እንዳትሳሳቱ። የታወቀው የቤዝቦል ተጫዋች ኢቺሮ ሱዙኪ ስሙን ስትሰሙ የበኩር ይመስላችኋል፤ እርሱ ግን ታላቅ ወንድም አለው። የስሙም መጨረሻ የሚጻፈው «ወንድ ልጅ» በሚለው ፊደል ሳይሆን «ፍልቅልቅ» በሚለው ነው።

ከቁጥር ስሞች ሁሉ እኔን ያስገረመኝ የአድሚራል ያማሞቶ ነው። በ1941 በፐርል ሃርበር ላይ የተጣለውን አደጋ ያቀደው የባሕር ኃይል አዛዥ የግል ስሙ «ኢሶሮኩ» ነበር። ኢሶሮኩ ማለት 56 ማለት ነው። በ1884 ሲወለድ አባቱ 56 ዓመታቸው ስለነበረ ዕድሜያቸውን ስም አድርገው ሰጡት። ሽማግሌው ምን ያህል እንደ ተደነቁ ይታያችሁ!

ወደ ሰንሰይ ቤት ልመልሳችሁ። የሕፃኑ አባት በኦሳካ የሚሠራ መሐንዲስ ሲሆን፣ በቅዳሜና እሑድ እየመጣ የዘመኑን ስሞች ይዘረዝር ነበር። በዛሬዎቹ ወላጆች ዘንድ «ሃሩቶ» የሚለው ድምፅ ለብዙ ዓመታት ከፊት የሚሰለፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ፀሐይ» እና «በሰማይ መንሳፈፍ» በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጽፉታል። «ሬን» የሚሉትም አሉ፤ ይህ የሎተስ አበባ ነው። አያቲቱ ደግሞ የፊደሉን ትርጉም ትተው መስመሩን ይቆጥሩ ነበር። ፊደሉ የሚጻፍበት የመስመር ቁጥር ከቤተሰቡ ስም መስመሮች ጋር ተደምሮ መልካም ዕድል ወይም ክፉ ዕድል ያሳያል ተብሎ ይታመናልና፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ መጽሐፋቸውን ገልጠው፣ የቀረበውን ስም ሁሉ እየደመሩ ይጥሉት ነበር። አንድ ማታ አማቻቸው ደክሞት «እንግዲያው ቁጥሩን ይንገሩንና ስሙን እንፈልግለት» አላቸው። አልተቀየሙም፤ ቁጥሩን ነገሩት።

የዚህ ዓይነት ፍርሃት ጥንታዊ ነው። ታላቁ ደራሲ ናትሱሜ ሶሴኪ በ1867 የተወለደበት ቀን፣ በዚያ ቀን የተወለደ ልጅ ሌባ ይሆናል የሚባልበት ቀን ነበር። መፍትሔውም በስሙ ውስጥ «ወርቅ» የሚለውን ፊደል ማስገባት ስለነበረ ወላጆቹ «ኪንኖሱኬ» አሉት። ሶሴኪ በኋላ ለራሱ ያወጣው የብዕር ስም ነው። ከእርሱም 300 ዓመት ገደማ ቀድሞ የጃፓን ገዢ የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ በስተርጅና በ1589 ወንድ ልጅ ሲወለድለት «ሱቴ» ብሎ ጠራው፤ «የተጣለ» ማለት ነው። የተጣለ ልጅ ያድጋል የሚል እምነት ስለነበረ ነው። ልጁ በ1591 ሞተ። ሁለተኛው በ1593 ሲወለድ ደግሞ «ሂሮይ» አለው፤ «ከወደቀበት የተነሣ» ማለት ነው። እነሆ ጃፓንን በሙሉ በሰይፉ ያስገበረ ሰው፣ ሞት እንዳይሰማው ብሎ ልጁን በቆሻሻ ስም ሲደብቅ! በመንደራችን ልጅ የሞተባት እናት ቀጣዩን «ምትኩ» ወይም «ማስረሻ» ስትለው የሰማ ሰው ይህን ለማስተዋል አስተርጓሚ አያሻውም።

ሰንሰይ ግን ቁጥርም አዲስ ፋሽንም አልፈለጉም። የፈለጉት አንድ ፊደል ብቻ ነበር። ይህን ለመረዳት ስለ ፊደል ውርስ ጥቂት ልንገራችሁ። በቀድሞዎቹ መሳፍንት ቤት አንድ ፊደል ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፍ ነበር። ከ1603 ጀምሮ ከ260 ዓመት በላይ የገዙት የቶኩጋዋ ሾጉኖች 15 ሲሆኑ፣ የአሥራ አንዱ ስም «ኢዬ» ብሎ ይጀምራል፦ ኢዬያሱ፣ ኢዬሚትሱ፣ ኢዬፁና እያለ። ንጉሣውያኑም እስከ ዛሬ ወንዶቹ ሁሉ «ሂቶ» ብለው ይጨርሳሉ፦ ሂሮሂቶ፣ አኪሂቶ፣ ናሩሂቶ። ፊደሉ «ቸርነት» ማለት ነው። ተራው ሕዝብ ግን እስከ 1870 ድረስ በይፋ የቤተሰብ ስም እንኳ እንዲይዝ አልተፈቀደለትም፤ በ1875 ደግሞ ያልያዘ ሁሉ እንዲይዝ ግዴታ ሆነ።

የሰንሰይ ቤተሰብ ከመሳፍንት ወገን አይደለም። የሚወርሱት ፊደል የታላቅ ወንድማቸው ነበር። ታላቅ ወንድማቸው በ1944 ተወለዱ። በዚያ ዘመን የወንዶች ስም ሁሉ ጦርነት ጦርነት ይሸት ነበር። «ኢሳሙ» ጀግንነት፣ «ሱሱሙ» ወደ ፊት መግፋት፣ «ካትሱቶሺ» ድል ማድረግ። ወላጆቻቸውም «ማሸነፍ» በሚለው ፊደል ስም አወጡላቸው። በተከታዩ ዓመት፣ በ1945፣ ጃፓን ተሸነፈች። ሕፃኑ ገና ዳዴ እያለ ነበር። ሰንሰይ እንደሚሉት ወንድማቸው በሕይወታቸው ሁሉ ስማቸውን ሲናገሩ ትንሽ ሳቅ ይሉ ነበር፤ ሰው ሳይስቅ እርሳቸው አስቀድመው ለመሳቅ። ሰንሰይን ያሳደጓቸውና በፋብሪካ ሠርተው ያስተማሯቸው እርሳቸው ናቸው። ልጅ ሳይወልዱ ከሁለት ዓመት በፊት አረፉ።

«ይህ ፊደል ከእርሱ ጋር እንዲቀበር አልፈልግም» አሉ ሰንሰይ። ልጃቸው አባቷን አክባሪ ናት፤ ግን ሕፃኑን ታቅፋ «አባቴ፣ ማንን ነው የሚያሸንፈው?» አለቻቸው። መልስ አልሰጧትም።

በጃፓን ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ሌሊት ስሙ በነጭ ወረቀት ላይ በብሩሽ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቤተሰቡም ተሰብስቦ ይበላል። ሰባተኛው ሌሊት ደረሰ፤ ግድግዳው ባዶውን አደረ። አያቲቱ ያበሰሉትን ዓሣና ቀይ ባቄላ ያለበትን ሩዝ ዝም ብለን በላን። በዚያ ማታ ያስተዋልሁት አንድ ነገር ቢኖር የሁሉም ስም መለወጡን ነው። አያቲቱ እስከ ትናንት «አባቷ» ይሏቸው የነበሩትን ባላቸውን «ኦጂይሳን»፣ ማለትም «አያትዬው»፣ ብለው ጠሯቸው። ስም የሌለው ሕፃን የቤቱን ሰዎች ሁሉ ስም ለወጠ።

ከዚህ በኋላ በአሥረኛው ቀን እኔ ወደ ሱካጋዋ ለመሄድ ተነሣሁ። ጉዞውን ከአገሬ ሳልወጣ ያሰብሁት ነው። ሰንሰይም «አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ፤ ከቤት ለመውጣት የፈለጉ መሰለኝ። ከኦሚያ ጣቢያ በፈጣኑ ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ሄደን ኮሪያማ ወረድን፤ ከዚያ በተራው ባቡር ጥቂት ወደ ደቡብ ተመልሰን ሱካጋዋ ደረስን። ጸጥ ያለች የፉኩሺማ ክፍለ አገር ከተማ ናት። በየመንገዱ ዳር የሲኒማ አውሬዎች ሐውልት ቆሟል፤ ኡልትራማን የተባለውን ጀግና የፈጠረው ኤይጂ ፁቡራያ የዚች ከተማ ተወላጅ ነውና። ልጆች ከአውሬዎቹ ጋር ፎቶግራፍ ይነሣሉ። እኔ የሄድሁት ግን ስለ ሌላው ፁቡራያ ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ በ1964 ጥቅምት 21 ቀን በቶኪዮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ የማራቶን ሩጫ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰኮንድ ጨርሶ፣ ምንም እንዳልደከመው ሰው በሣሩ ላይ አካሉን ሲያፍታታ እንደ ነበር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከአራት ደቂቃ በኋላ ወደ ስታዲየሙ ሁለተኛ ሆኖ የገባው ማን እንደ ሆነ ግን ከእኛ ብዙ ሰው አያውቅም። ኮኪቺ ፁቡራያ የተባለ የ24 ዓመት የጃፓን ወታደር ነበር። ሕዝቡ ተነሥቶ ጮኸለት። እንግሊዛዊው ቤዝል ሂትሊ ከኋላው እየደረሰበት ነበር፤ በመጨረሻው ዙር ላይ አለፈው። ፁቡራያ በሦስት ሰኮንድ ተበልጦ ሦስተኛ ወጣ። አባቱ በልጅነቱ ሲሮጥ ወደ ኋላ እንዳይመለከት አስተምረውት ስለ ነበር አላየውም ይባላል። በዚያ ኦሊምፒክ ጃፓን በአትሌቲክስ ያገኘችው ሜዳሊያ የእርሱ ብቻ ነበር። ሕዝቡ ግን የሚቀጥለውን ይጠብቅ ጀመር፤ እርሱም በሜክሲኮ ሊክስ ተስፋ ሰጠ። ወገቡና እግሩ ግን አልታዘዝ አሉት። በጥር 1968 በ27 ዓመቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በተወው ደብዳቤ ላይ ወላጆቹንና ወንድሞቹን እያንዳንዳቸው ስላበሉት ምግብ አመስግኖ፣ የወንድሞቹንና የእኅቶቹን ልጆች አንድ በአንድ በስማቸው ጠርቶ መልካም ሰዎች እንዲሆኑ ተመኘላቸው።

«ኮኪቺ» በሁለት ፊደል ይጻፋል። አንደኛው «ደስታ» ነው፤ ሁለተኛው «መልካም ዕድል»።

መታሰቢያውን አይተን መቃብሩ ወዳለበት ወደ ጁኔንጂ ቤተ መቅደስ ሄድን። በቡድሃ ሃይማኖት ሰው ሲሞት ካህኑ አዲስ ስም ያወጣለታል፤ ብዙ ጊዜም ከሕይወት ስሙ አንድ ፊደል ይቀርለታል። ሰንሰይ በመንገድ ላይ የነገሩኝ ነገር አለ። የቤተሰቡ ስም በሰፈሩ ሰው አፍ በትክክል የሚነበበው «ፁሙራያ» ተብሎ ነበር አሉ፤ ታዋቂ ከሆነ በኋላ አገሩ ሁሉ ፊደሉን አይቶ «ፁቡራያ» ሲለው እርሱ አላረመውም። በአባቴ ስም ሲጠሩኝ ዝም ማለቴን አስታወስሁ። የእኔ ግን ቀላል ነበር።

ሰንሰይ ዕጣን አጭሰው ጥቂት ቆሙ። ከዚያ በኋላ በ1964 የሰባት ዓመት ልጅ ሆነው ሩጫውን ከታላቅ ወንድማቸው ጋር በቴሌቪዥን እንዳዩት ነገሩኝ። ወንድማቸው ያን ጊዜ የ20 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው «አሸንፍ! አሸንፍ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። «የገዛ ስሙን ነበር የሚጮኸው» አሉ ሰንሰይ። «በ1968 ጋዜጣው ሲመጣ ግን አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ያን ቀን እኛ ሁላችን ጮኸንበት።»

ወደ ባቡር ጣቢያው ስንመለስ «አበበ ማለት ምን ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ተክል ማበቡን፣ አበባ ማውጣቱን እንደሚናገር፣ ቢቂላም በኦሮምኛ ከማቆጥቆጥ ጋር የሚገናኝ ስም እንደ ሆነ ነገርኋቸው። ሠላሳ ዓመት ሰዋስው ያስተማሩ ሰው ናቸውና በዚህ አልረኩም። «ትእዛዝ ነው? ምኞት ነው? ወይስ ወሬ ነው?» አሉ። እኔም አሰብሁና «ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ነገሩ አልቋል፤ አበበ» አልኋቸው። ከበደ፣ ተፈራ፣ ደረጀ እያልሁ ሌሎቹንም ጨመርሁላቸው። እውነቱን ለመናገር «ሁን» እያሉ የሚያዙ ስሞችም አሉን፤ ግን በዚያ ሰዓት አልጠቀስሁም። ሰንሰይ ቆሙና «እንግዲያው ልጁ የሚከፍለው ዕዳ የለበትም» አሉ። ባቡሩ መጣ። እስከ ኦሚያ ድረስ ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ማታውን ልጃቸውን ጠርተው ፊደሉን እንደተዉት ነገሯት። ልጅቱ ዝም ብላ ቆየችና ወረቀት አምጥታ አንድ ሌላ ፊደል ጻፈች። አንባቢዎች ሆይ፤ ቀደም ሲል ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ ሊለያይ እንደሚችል የነገርኋችሁን አስታውሱ። የጻፈችው ፊደል የአጎቷ ስም በሚነበብበት ድምፅ ሊነበብ የሚችል ነው። ሲጠሩት የአጎቷ ስም ነው፤ ሲጽፉት ግን «ማሸነፍ» አይደለም። ትርጉሙ ደግነትና ብልጫ ነው። ከግራው «ሰው» የሚል ምልክት አለ፤ ከቀኙ «ኀዘን» የሚል። ኀዘን ካገኘው አጠገብ የሚቆም ሰው ደግ ነው እያሉ ጃፓኖች እንደሚተረጕሙት እርሷ አስረዳችኝ። ድምፁን እዚህ እንዳልጽፈው ለሰንሰይ ቃል ሰጥቻለሁ።

አያቲቱ መነጽራቸውን አድርገው መስመሩን ቆጠሩ። 17 ሆነ። ከቤተሰቡ ስም ጋር ደምረው መጽሐፋቸውን አዩ፤ ደግመው አዩ፤ «ክፉ አይደለም» አሉ። የሕፃኑ አባት በስልክ ሲሰማ ሳቀ። «ምስኪን ልጅ! ፈተና ላይ ሌሎቹ ሁለተኛውን ጥያቄ ሲጨርሱ እርሱ ገና ስሙን እየጻፈ ይሆናል» አለ። ግን አልተቃወመም። ሰንሰይ ነጭ ወረቀት ዘርግተው ቀለሙን ፈጩ። ሦስት ጊዜ ጽፈው ሦስት ጊዜ ቀደዱ። አራተኛውን ለጠፉት፤ ከሰባተኛው ሌሊት በአራት ቀን ዘግይቶ።

በ13ኛው ቀን ጧት የሕፃኑ አባትና ሰንሰይ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲሄዱ እኔም ተከተልኋቸው። ጸሐፊዋ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ፊደሉ ከተፈቀዱት ውስጥ መሆኑን አየች፤ ከዚያም በአዲሱ ሕግ መሠረት «እንዴት ነው የሚነበበው?» ብላ ጠየቀች። አባትየው ወደ ሰንሰይ ዞረ። ሰንሰይ የወንድማቸውን ስም ጮክ ብለው ተናገሩ፤ ሦስት አጭር ድምፅ ነው። ጸሐፊዋ በደቃቁ የድምፅ ፊደል ጻፈችው፤ አረጋግጡልኝ ብላ ደግማ አነበበችላቸው። ሰንሰይ «አዎን፣ እርሱ ነው» አሉ።

ነገሩ ሁሉ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ስንወጣ ሰንሰይ ከመንገድ ዳር ብርቱካን መሳይ የሆነውን የጃፓን ካኪ ፍሬ አንድ ቅርጫት ገዙ፤ ለእኔም አንዱን አውጥተው በአባቴ ስም ጠርተው ሰጡኝ።